ሎሚ ጨምቀሽ እርጎ አይወጣም

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው፣ ኬሚስትሪ 3ኛ ዓመት ነኝ። ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ ፔፕታይድ ጄል ነው፣ ማለትም ከአጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት (ፔፕታይድ) የሚሰራ እንደ እርጎ የረጋ ነገር። ከ99 በመቶ በላይ ውሃ ሆኖ ብልቃጡን ብትገለብጡት አይፈስም ይላል፣ ፔፕታይዷ ደግሞ 2 አሚኖ አሲድ ብቻ ናት! ጀላቲን ቢሆን ረጅም ነው ይጠላለፋል እላለሁ፣ ይቺ ሚጢጢ ግን ያን ሁሉ ውሃ በምን ትይዘዋለች? ጄሉን ለማርጋት የሚጨመረው አሲድስ ለምንድነው ቀስ ተብሎ የሚገባው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ግራ የሚያጋባው እሱ ነው። ግን የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ከተማ አይደለሽ እንዴ? ጥጥ እያት፣ አንዷ ጭረት ከጣት አትረዝምም፣ እንዝርት ላይ ስትዞር ግን አንዷ ሌላዋን እየያዘች ስንት ክንድ ፈትል ይወጣታል። ፔፕታይዷም እንደዛው ናት፣ እንዝርት የሚያዞርላት ሰው ስለሌለ ራሷን በራሷ ትፈትላለች በቃ።

ብዙ የሚሰራባት ዳይፌኒልአላኒን ናት (ፌኒልአላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሁለቴ ተያይዞ)፣ ጫፏ ላይ ኤፍሞክ የሚባል የኬሚካል ቡድን ተለጥፎባት (ይቺ ጄል የወጣችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው)። ሁለቱም አሚኖ አሲዶች የካርቦን ቀለበት አላቸው፣ ኤፍሞክም ቀለበት አለው፣ ቀለበቶቹ ደግሞ ውሃ አይወዱም፣ ስለዚህ ከውሃው ሸሽተው እንደ እንጀራ ይነባበራሉ። ይሄ ብቻ ቢሆን እንደ ዘይት ክብ ጠብታ ሆነው ይቀሩ ነበር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያስረዝማቸው በመሃል ያለው የሃይድሮጅን ቦንድ ነው። ክሩ ውፍረቱ በናኖሜትር የሚለካ ነው፣ ግን ብዙ ስለሆነ ይጠላለፍና መረብ ይሆናል፣ ውሃው እዛ ውስጥ ይታገታል። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ መሄጃ ነው ያጣው።

አሲዱ ጋ ስንመጣ፣ ፔፕታይዷ ቤዝ ውስጥ እያለች ጫፏ ላይ ያለው ካርቦክሲል የሚባለው የአሲድ ክፍል ኔጋቲቭ ቻርጅ ስለያዘ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ሟምታ ትቀመጣለች። አሲድ ሲገባ ቻርጁ ይጠፋል፣ መጠጋጋት ይጀምራሉ። እኔ ተማሪ እያለሁ ቸኩዬ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ጠብ ሳደርግበት ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ ነጭ ጓል በጓል ሆነ፣ ሌላው እንዳለ ውሃ፣ ደፋሁት። ወተት ላይ ሎሚ ጨምቀሽ ታውቂያለሽ? ይቆራረጣል እንጂ እርጎ አይሆንም። እርጎ እኩል የሚረጋው ባክቴሪያው አሲዱን ቀስ እያለ ከየቦታው ስለሚያወጣው ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ይሄን ስራ የሚሰራልሽ ግሉኮኖ ዴልታ ላክቶን የሚባል ዱቄት ነው፣ ውሃ ውስጥ ከሟሟ በኋላ ነው በቀስታ ወደ ግሉኮኒክ አሲድ የሚቀየረው። ከዛ አትነቅንቂው፣ ተይው ይደር።

መምህሩ ጥቅሙ ምንድነው ካለሽ ራዳ16 የምትባለውን ፔፕታይድ ጥሪለት፣ 16 አሚኖ አሲድ ያላት ናት፣ ደም ስታገኝ ጄል ስለምትሆን በቀዶ ጥገና ጊዜ መድማት ለማቆም ይጠቀሙባታል።

አንድ ነገር ደሞ፣ እዚህ ደሴ ብርዱ ላይ የእናቴ እርጎ ቀን ይጨምራል፣ እናንተ ጋ ሙቀት ስላለ ቶሎ ይረጋል። ላክቶኑም ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ከሰራሽው የክፍሉን ቴምፕሬቸር ደብተርሽ ላይ ጻፊ።