በቤታ ፍርሰት ኒውትሮን መያዝን መገመት፦ ከድሬዳዋ የፊዚክስ ወዳጆች ጋር የተደረገ ጥያቄና መልስ

የዛሬው ርእሳችን ቤታ-ኦስሎ የሚባለው ዘዴ ነው። ዕድሜያቸው አጭር የሆኑ ኒውክለሶች ኒውትሮን የመያዝ ዕድላቸው ምን ያህል እንደሆነ ከቤታ ፍርሰት ተነሥቶ ይገምታል። ጋማ ጨረርና ግማሽ ዕድሜ ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ ብዬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፦ ይህ ዘዴ ኒውትሮን ሲያዝ አይለካም።

ከሳቢያን፦ መምህር፣ ለምን በቀጥታ አይለኩትም?

መልስ፦ ዒላማው አይቆይም። የጀርማኒየም 75 ግማሽ ዕድሜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያንሳል (ቁጥሩ የፕሮቶኖቹና የኒውትሮኖቹ ድምር ነው)። ብረት 59 አርባ አራት ቀን ተኩል አለው፤ ነገር ግን በቂ መጠን ከተሰበሰበ የራሱ ጨረር መለኪያውን ያጥለቀልቀዋል። ኒውትሮኑን ራሱን ዒላማ እናድርገው እንዳትሉ፣ ነጻ ኒውትሮንም በ10 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይፈርሳል።

ከከዚራ፦ ቤታ ፍርሰት ኤሌክትሮን የሚወጣበት ነው፤ እዚህ የምንፈልገው ኒውትሮን የሚገባበትን ነው። ምን አገናኛቸው?

መልስ፦ ጥያቄህ የነገሩን ሥር ነክቷል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ጀርማኒየም 75 ኒውትሮን ሲይዝ በኢነርጂ የተነቃቃ ጀርማኒየም 76 ይሆናል። ኒልስ ቦር በ1936 እንዳስቀመጠው፣ እንዲህ ያለ ኒውክለስ እንዴት እንደተፈጠረ አያስታውስም። ኢነርጂው፣ ሽክርክሪቱና ፓሪቲው (የመስታወት ሲሜትሪው) ብቻ ይቀሩታል። ከዚያ በኋላ ያለው ውድድር ኒውትሮኑን መልሶ በመልቀቅና ጋማ እየረጨ በመርጋት መካከል ነው። ስለዚህ ማወቅ የሚያስፈልገን የተነቃቃው ጀርማኒየም 76 ጋማ እንዴት እንደሚረጭ ነው። ይህን ኒውክለስ ደግሞ በሌላ በር ማግኘት ይቻላል፦ ግማሽ ዕድሜው ግማሽ ደቂቃ ገደማ የሆነው ጋሊየም 76 በቤታ ሲፈርስ የተነቃቃ ጀርማኒየም 76 ይሰጠናል።

በ2014 ስፓይሩ፣ ሊዲክ፣ ላርሰን፣ ጉቶርምሰንና ባልደረቦቻቸው ይህን በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠርተው አሳዩ። መለኪያው «ሰን» ይባላል፤ ቁመቱም ስፋቱም 16 ኢንች የሆነ፣ በስምንት የተከፈለ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል ነው። ጋሊየሙ መካከሉ ላይ ይፈርሳል። ቀፊራ ገበያ የተመነዘረ ብር አስቡ፦ ዝርዝሩን አንድም ሳታስቀሩ ብትሰበስቡ ድምሩ ኖቱ ስንት እንደነበረ ይነግራችኋል፤ እያንዳንዱ ሳንቲም ደግሞ እንዴት እንደተመነዘረ ያሳያችኋል። በሰንም የሁሉም ክፍሎች ድምር ኒውክለሱ የጀመረበትን ኢነርጂ፣ እያንዳንዱ ክፍል ደግሞ ነጠላ ጋማዎቹን ይሰጣል። ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል፦ የኢነርጂ ደረጃዎቹ እፍጋት (በአንድ የኢነርጂ ስፋት ውስጥ ስንት ደረጃ እንዳለ) እና የጋማ ጥንካሬው (በየኢነርጂው ጋማ መርጨት ምን ያህል እንደሚቀናው)። እነዚህ ሐውዘርና ፌሽባክ በ1952 ወዳወጡት ስሌት ይገባሉ፤ የመያዝ ዕድሉ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ከገንደ ቆሬ፦ ስለዚህ የመያዝ ዕድሉ ተለካ ማለት ነው?

መልስ፦ አልተለካም። መግቢያው ላይ ብያለሁ።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ወርቅ የተሠራው በኒውትሮን መያዝ ነው ይባላል። የት ነው የተሠራው?

መልስ፦ ፈጣኑ የመያዝ ሂደት በሚካሄድበት፤ ኒውክለሱ ለመፍረስ ጊዜ ሳያገኝ ኒውትሮን በኒውትሮን ላይ የሚይዝበት ማለት ነው። ከእነዚህ ቦታዎች አንዱ፣ የሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ውሕደት፣ ነሐሴ 2017 ታይቷል። ከዚህ በላይ የዛሬ ርእሴ አይደለም።

ከከዚራ፦ እኛ የተማርነው ከኮከብ ፍንዳታ ነው ተብለን ነው።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ያ የድሮ ትምህርት ነው። በ2017 ተረጋግጧል እኮ፣ ወርቁ ታይቷል።

ከከዚራ፦ አንድ ውሕደት ስለታየ የዓለም ወርቅ ሁሉ ከዚያ መጣ ይባላል? ማስረጃህን አምጣ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። በዚያ ብርሃን ውስጥ በስሙ ተለይቶ የታወቀው ስትሮንቲየም ነው፤ ወርቅ ተለይቶ አልተነበበም። አንዳንድ ብርቅ የኮከብ ፍንዳታዎችም ከዝርዝሩ አልተሰረዙም። ወደ ርእሳችን።

ከለገሀር፣ ጡረታ የወጣ መምህር፦ የመለኪያው ውጤት ቅርጽ ብቻ ይመስለኛል። መጠኑን በምን ያስተካክሉታል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ፤ ሰው ሁሉ የሚዘለውን ነው የጠየቁኝ። እንዳሉት ውጤቱ ቅርጽ ነው። እፍጋቱንና ጥንካሬውን በአንድ ዓይነት ኤክስፖኔንሻል ብናዘነብላቸው ያው መረጃ እኩል ይገጥማቸዋል። ሦስት ቁጥሮች ከውጭ መምጣት አለባቸው፦ ሁለት መጠኖችና አንድ ዝንባሌ። በዝቅተኛ ኢነርጂ የታወቁትን ደረጃዎች እንቆጥራለን፤ እዚያ ችግር የለም። ችግሩ ከላይ ነው፣ ኒውትሮን በሚላቀቅበት ኢነርጂ አካባቢ። ለረጉ ኒውክለሶች እዚያ ያለው እፍጋት ከኒውትሮን ሬዞናንሶች (ኒውትሮን በቀላሉ ከሚያዝባቸው ኢነርጂዎች) የእርስ በርስ ርቀት ይገኛል። ላልረጉት ግን ያ መለኪያ ራሱ የሚቻለው ኒውትሮን በማስያዝ ነው፤ የጎደለንም እሱ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ኒውክለሶች አዝማሚያ ይወሰዳል። የጋማ ጥንካሬው መጠንም እንዲሁ።

ሌላም አለ፣ ጋሼ። ጋሊየም 76 ሲፈርስ የሚሰጠው ወደ 7 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኢነርጂ መለኪያ) ነው፤ ከጀርማኒየም 76 ኒውትሮን ለማላቀቅ ግን ከ9 በላይ ያስፈልጋል። የቀረው መስመሩን ወደ ላይ በመቀጠል ይሞላል። ደግሞም ቤታ ሁሉም ሽክርክሪት ላይ አይደርስም፤ የተፈቀደው ፍርሰት ከአንድ በላይ አይቀይርም። ይህ ሁሉ በስህተት ወሰኑ ውስጥ መግባት አለበት። ወሰን የሌለውን ቁጥር ማንም ቢያቀርብላችሁ አትቀበሉት! በ2021 «የቅርጽ ዘዴ» የተባለው ሲታተም ዝንባሌውን ከመረጃው ራሱ ማግኘት ተቻለ፤ ይህን እንደ ትልቅ እርምጃ አየዋለሁ። ሞዴሎች ብቻቸውን በ10 እጥፍ፣ ከረጉት ርቀው ሲሄዱም በ100 እጥፍ ሊለያዩ ይችሉ ነበር። አሁን ወደ ሁለትና ሦስት እጥፍ ወርዷል።

ከመጋላ፦ ስለ ቤታ ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው ቢያስረዱን?

መልስ፦ «ሁሉንም ነገር» ጥያቄ አይደለም። ያልገባህን አንዱን ለይተህ ጠይቀኝ፣ እመልሳለሁ።

ከሳቢያን፦ የጀርማኒየም መለኪያ ከሶዲየም አዮዳይድ የበለጠ ኢነርጂ ይለያል። ለምን ተዉት?

መልስ፦ ቅልጥፍናው ትንሽ ነው። ከከፍታው የሚወርዱ ደካማ ጋማዎች ያመልጡታል፤ ያኔ ቤታው ወደ ታችኞቹ ደረጃዎች ብቻ የወረደ ይመስላል። ይህ ስህተት ከ1977 ጀምሮ ፓንዴሞኒየም ይባላል። እዚህ መሰብሰብ ከመለየት ይበልጣል።

ከሐረር፣ ጀጎል፦ ይህ ዘዴ የቀየረው ነገር አለ?

መልስ፦ ብረት 60። ግማሽ ዕድሜው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ጋማ ጨረሩን ቴሌስኮፖች ከጋላክሲያችን ያነባሉ። የሚፈጠረው ብረት 59 ኒውትሮን ሲይዝ ነው። የኮከብ ሞዴሎች ከሌላው የጋማ ምንጭ ከአልሙኒየም 26 አንጻር ከሚታየው በላይ ብረት 60 ይተነብያሉ፤ ብዙዎችም ጥፋቱን በዚህ ባልታወቀ የመያዝ ዕድል ላይ ይጥሉ ነበር። በ2024 የወጣው የቤታ-ኦስሎ ውጤት ዕድሉ ከተገመተው እንደሚበልጥ አሳየ። ልዩነቱ መጥበብ ሲገባው ሰፋ! ስለዚህ ጥያቄው አሁን ወደ ኮከቦቹ ሞዴል ዞሯል። እንዲህ ያለ ውጤት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ሰበብ ይዘጋል።

ከገንደ ቆሬ፦ ታዲያ ብረት 59 ኒውትሮን ሲይዝ ተለካ?

መልስ፦ አልተለካም! የተለካው፣ የተነቃቃ ብረት 60 የሚሰጠው የማንጋኒዝ 60 ቤታ ፍርሰት ነው።

ከሳቢያን፦ እኛ ላብራቶሪ የለንም። ምን መሞከር እንችላለን?

መልስ፦ «ታሊስ» የተባለው የስሌት ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በተራ ኮምፒውተርም ይሠራል። ጀርማኒየም 75ን ስጡት፣ የእፍጋት ሞዴሉን እየቀያየራችሁ አስሉ፣ መስመሮቹን በአንድ ሥዕል ላይ አስቀምጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ሥዕሉን ይዞ ለሚመጣ ቅድሚያ እሰጣለሁ።