የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ዝግባ ላይ በገመድ

ጥያቄ፦ ለጥር በዓላት ከልጆቻችን ጋር (ወንዱ 13፣ ሴቷ 8 ዓመቷ ነው) ወደ ደብረ ሲናና አንኮበር እንሄዳለን። ወፍ ዋሻ ደን ረጃጅም ዝግባ አለ ሲባል ሰምተን በገመድ ልንወጣ አስበናል። ጭነት የምናስርበት ወፍራም የናይለን ገመድ አለን፤ ይበቃል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። የጭነት ገመድ ፀሐይ ሲበላው ላዩ ደህና መስሎ ጉልበቱ ያልቃል። ለሰው የሚሆነው ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ እምብዛም የማይለጠጥ የመውጫ ገመድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርዝመቱ ላይ ነው፤ ገመዱ ቅርንጫፉን ዞሮ ስለሚመለስ 15 ሜትር ላይ ላለ ቅርንጫፍ 30 ሜትር ገና መሬት መንካቱ ነው። 45 ሜትር ይያዙ፤ ጫፉንም ይቋጥሩት፣ አለዚያ ወራጁ ከገመዱ ሊያመልጥ ይችላል።

ደኑ ስለሚጠበቅ መጀመሪያ ጠባቂዎቹን ያስፈቅዱ። የቤተ ክርስቲያን አጸድማ ጭራሽ አይነካም። በመንገድዎ ደብረ ብርሃን ዙሪያ የሚያዩት ባሕር ዛፍ አያጓጓዎት፤ ቅርንጫፉ ነፋስ ሳይኖርም ይገነጠላል። ጥድም ደረቅ ቅርንጫፉን ቶሎ ስለማይጥል ከሥሩ ከመቆም በፊት ወደ ላይ አንጋጠው ይዩ። ዝግባውን ግንዱን በዱላ መታ መታ ያድርጉት፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ሆዱ ባዶ ነውና ይተዉት።

ገመድ የሚሸከመው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ለምለም፣ ከግንዱ ሲወጣ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ይሁን። ከ300 እስከ 400 ግራም አሸዋ በትንሽ ከረጢት ቋጥረው፣ ቀጭን ሲባጎ አስረው ይወርውሩ፤ ዋናውን ገመድ በሲባጎው ይሳቡት። ገመዱ ቅርፊቱን እንዳይልጥ ቅርንጫፉ ላይ በሚያርፍበት ቦታ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ያልብሱት። ከዚያ ሁለት አዋቂዎች አንድ ላይ ተንጠልጥለው ይፈትኑት። ሲጢጥ ካለ ሌላ ይፈልጉ።

ለሴቷ ልጅ የወገብ ቀበቶ አይሆንም፤ በዚህ ዕድሜ ዳሌ ጠባብ ስለሆነ ከተገለበጠች ልትሾልክ ትችላለች። ትከሻም ጭንም የሚይዝ ሙሉ ቀበቶ ያስፈልጋታል፤ አዋቂ ከመሬት ሆኖ ይሳባት፣ ያውርዳትም። ወንዱ በእጅ ሲገፉት በሚንሸራተት፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን እየጠበቀ ገመዱን በሚይዝ ቋጠሮ ራሱ ሊወጣ ይችላል፤ ሲወርድ ግን ቀስ ይበል። ቋጠሮው በፍጥነት ሲንሸራተት ይግላል፣ ናይለን ደግሞ በሙቀት ይቀልጣል። ሄልሜት ከታች ለሚቆመውም ነው።

በጥር ማለዳ ውርጭና ጤዛ ቅርፊቱን ያሙለጨልጨዋል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይጀምሩ።