በረሃው ሰፊ ነው፤ ሌንሱስ?

ከጥቅምት ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ በረሃ ናቸው። ወቅቱም ነው፤ ወደ ዳሎልም ሆነ አሜሪካ ወዳለው ዴዝ ቫሊ ወይም አቡዳቢ ወዳለው ሊዋ ሰው ደፍሮ የሚሄደው ሙቀቱ ጋብ በሚልባቸው በእነዚህ ወራት ነው። የጻፉልኝ ሁሉ የሚሠሩት 4 በ5 ኢንች ፊልም አንድ በአንድ በሚጎርሰው ባለ ወናፍ ካሜራ ነውና የምጠቅሳቸው የሌንስ ቁጥሮች ለእሱ ናቸው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ፣ ሲበዛ ረጅም ነው። 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ የለመደ አንባቢ ቁጥሩን ለሦስት ተኩል ያካፍል። 90 እዚያ 26 ገደማ ይሆናል፣ 150 ወደ 43፣ 300 ደግሞ ወደ 86።

«ጤና ይስጥልኝ። ታክሲ እየነዳሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ካሜራውን ገዛሁ፤ ያለኝ ሌንስ 150 ብቻ ነው። በታኅሣሥ ለሦስት ቀን ዴዝ ቫሊ እሄዳለሁ። አንድ ልጨምር ብል 90 ይሻለኛል ወይስ 300? ጓደኞቼ ‹በረሃ ሰፊ ነው፤ ሰፊ ሌንስ ያዝ› ይሉኛል።» (ከላስ ቬጋስ)

ጓደኞችዎ የሚሉትን እኔም አምን ነበር። መጀመሪያ ዴዝ ቫሊ ውስጥ መስኪት ፍላት ወደሚባለው የአሸዋ ቁልል ስሄድ የያዝኩት 90 ብቻ ነው። ሳይነጋ ከመኪናው ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል አሸዋው ውስጥ እየሰመጥኩ ተጓዝኩ። ካሜራውን ተክዬ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ከካሜራው ጀርባ ምስሉ የሚታይበትን መስታወት ሳይ፣ ፊቴ ተገትሮ የነበረው ትልቁ ቁልል አድማሱ ላይ እንደ ክር ተጋድሟል። ከእሱ በታች ያለው የምስሉ ሁለት ሦስተኛ ባዶ አሸዋ ነው፤ ያውም ትናንት ሰው ሲረግጠው የዋለ። እዚያ ያሉት ቁልሎች ትልቁ እንኳ ከፍታው 30 ሜትር ገደማ ነው። 90 ደግሞ ሩቁን ያርቃል፣ ቅርቡን ያገዝፋል። እግር ሥር የሚታይ ነገር ከሌለ የሚገዝፈው ባዶው ነው።

ስለዚህ ሌንስ ስመርጥ አድማሱን ማየት ትቻለሁ። አንገቴን ደፍቼ እግሬ ሥር ያለውን ነው የማየው። የሚነበብ ነገር ካለ ሰፊው ሌንስ ይሠራል፤ ከሌለ ረጅሙ። በአሸዋ ቁልል መሃል ዓይናችን የሚይዘው ሁሉንም አይደለም፤ ጥላና ብርሃን የሚለያዩበትን ጠርዝ፣ አንዱ ቁልል ከሌላው ጀርባ ብቅ ያለበትን ቦታ ነው። ይህን ቆርጦ የሚያወጣው ረጅሙ ሌንስ ነው።

እናም ለእርስዎ 300 እላለሁ፤ ግን ከመግዛትዎ በፊት ማስመሪያ ይያዙና ወናፉን እስከ መጨረሻው ስበው ከሌንሱ ሰሌዳ እስከ መስታወቱ ይለኩ። ተራ 300 ሌንስ ሩቁን ለማጥራት ብቻ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ይጠይቃል፤ አምስት ሜትር ላይ ላለ ቁጥቋጦ ደግሞ 320 ገደማ። ወናፍዎ 300 ላይ የሚያበቃ ከሆነ 240 ወይም 210 ይግዙ፤ አይቆጩበትም። በአጭር ወናፍ የሚሠሩ ቴሌፎቶ የሚባሉ ሌንሶች አሉ፤ ነገር ግን ይከብዳሉ፣ ሲያዘነብሏቸውም ያስቸግራሉ። ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም።

እዚያው ዴዝ ቫሊ ያለው ባድዋተር ግን ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በታች 86 ሜትር ላይ የተዘረጋ የጨው ሜዳ ነው፤ ጨውም እየደረቀ ሲሰነጠቅ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ብዙ ጎን ያለው ቅርጽ ይሠራል። እዚያ እግርዎ ሥር ያለው ነው ሥዕሉ። ለእሱ ያለዎት 150 ይበቃል፤ ትራይፖዱን እስከ ወገብዎ ዝቅ ያድርጉት።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በጥር ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዳሎልና አሳሌ እንሄዳለን። ካሜራውን ያወረሰኝ አጎቴ ነው። 90፣ 150፣ 210 እና 300 ሌንሶች አሉት። ሁሉንም ልያዝ?» (ከአዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ። አራቱን መሸከም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። 90ን እና 210ን ያዢ።

ላስ ቬጋስ ላሉት ጠያቂ 90 ይቅርብዎ ብዬ ላንቺ ያዢ ማለቴ እንዳይገርምሽ። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ወርዶ ያለ ቦታ ነው፤ ከምድር የሚወጣው ፍል ውኃ ጨውና ድኝ እያስቀመጠ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ ነጩን እርከን የሠራው እዚያው እግርሽ ሥር ነው። ሩቁ ብዙ የሚታይ የለውም፤ ሀብቱ ቅርቡ ነው። 90 እዚያ ቦታውን ያገኛል። ነገር ግን ለሥዕል ብለሽ መንገድ እንዳትቀይሪ። ውኃው ኃይለኛ አሲድ ነው፣ ቅርፊቱም አንዳንድ ቦታ ስስ ነው። የአካባቢው መሪ በረገጠበት እየረገጥሽ፣ ትራይፖዱንም እሱ በፈቀደልሽ ቦታ ላይ ትከይ። ጭሱ ወደ አንቺ ከዞረ ካሜራውን ትተሽ ዞር በይ።

210 ለጨው ሜዳው ለአሳሌ ነው። ጨው ቆራጮቹ ቅርፊቱን በእንጨት ፈንቅለው ያነሱትና ጠርበው አሞሌ ያደርጉታል፤ ከዚያ በግመል ይጫናል። አንድ ሰው ከወገቡ በላይ፣ መጥረቢያውን ይዞ፣ ከጀርባው ግመሎቹ ተንበርክከው፤ ይህ የ210 ሥራ ነው፤ ፊቱ ላይ ሳትደቀኚበት ከሦስት አራት ሜትር ታነሺዋለሽ። የኛ ካሜራ ግን እንደ ስልክ ሰርቆ አያነሳም። ሰውየው ሥራውን አቁሞ፣ አንቺ ፊልሙን እስክታስገቢ ዝም ብሎ መቆም አለበት። የሚሠራው በቆረጠው ልክ እየተከፈለው ነውና ያቆምሽበትን ጊዜ ክፈይው፤ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቂ፣ እምቢ ካለም እሺ በይ። የኤፍ ቁጥር ሲያድግ የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባልና ኤፍ 22 ላይ አትድረቂ፤ ኤፍ 11 ላይ ከፍተሽ ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ወደ 1/125 ሰከንድ አምጪው፤ በዚያ ፀሐይ መቶ አይሶ ፊልም ይበቃዋል።

ማታ ስትመለሺ የትራይፖዱን እግር በንጹሕ ውኃ እጠቢው። ጨው ብረት ይበላል። ፊልሙንም ከመኪናው ኮፈን አርቀሽ በወፍራም ሳጥን አስቀምጪ።

«በሊዋ የአሸዋውን ሞገድ ከእግሬ ሥር እስከ ሩቁ ቁልል ጥርት አድርጌ ማንሳት ፈልጌ ነበር። በ150 ኤፍ 45 ድረስ ዘጋሁት፤ ቅርቡ ግን ደበዘዘ። ሌንሱ ይሆን ችግሩ?» (ከአቡዳቢ)

ሌንስዎ ደኅና ነው። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ይህን ያህል ከባድ ካሜራ የምንሸከምበት አንዱ ምክንያት እዚህ ላይ ነውና።

በሌላ ካሜራ ቅርቡንና ሩቁን አብሮ ለማጥራት ያለው መንገድ ሌንሱን መዝጋት ነው። በኛ ካሜራ ግን መዝጋት ቶሎ ያልቃል። 150ን ኤፍ 22 ላይ አድርገው ሩቁንም እንዲይዝ 10 ሜትር ላይ ቢያጠሩት፣ በፊት በኩል ጥርት የሚለው ከ5 ሜትር ጀምሮ ነው። ኤፍ 45 ላይ እንኳ ከ2 ሜትር ተኩል ወዲህ ያለው ይቀራል፤ ከዚህም በላይ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ለስለስ ይላል።

የሚረዳዎት ቲልት ነው። የካሜራውን ፊት ከነሌንሱ በትንሹ ወደ ፊት ሲያዘነብሉት፣ እንደ ግድግዳ ቆሞ የነበረው ጥርት ያለው ወለል አሸዋው ላይ እንደ ሰሌን ይተኛል። ታዲያ ምን ያህል? ሌንሱ ከመሬት 1.5 ሜትር ላይ ከሆነ ለ90 ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል፣ ለ150 ስድስት ገደማ፣ ለ210 ስምንት፣ ለ300 አሥራ አንድ ተኩል። ካሜራውን ዝቅ ባደረጉት መጠን ዲግሪው ይጨምራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አብዝቶ በማዘንበል ነው፤ ስድስት ዲግሪ ለዓይን ከምንም አይቆጠርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በአጉሊ መነጽር ሩቁን ቁልል በፎከስ ያጥሩ። ቀጥሎ ቅርቡ ሞገድ እስኪጠራ ድረስ ፊቱን ቀስ ብለው ያዘንብሉ። ሩቁ ጥቂት ይሸሻል፤ መልሰው በፎከስ ያምጡት፣ እንደገና ቅርቡን በቲልት። ሁለት ሦስቴ ከተመላለሱ ሁለቱም ቁጭ ይላሉ። ከዚያ ኤፍ 22 ይበቃል፤ የሚዘጉት ከአሸዋው ወለል በላይ ብቅ ላለው የቁልሉ ጫፍ ነው።

ሌንስ ሲገዙ ይህን ያስታውሱ። ሲዘነብል ሌንሱ የሚጥለው የብርሃን ክብ ከፊልሙ መሃል ይሸሻል፤ በ150 ስድስት ዲግሪ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በ300 አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ 60 ያህል። የፊልሙ ሰያፍ 153 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክቡ 210 የሆነ 150 ሌንስ ችግር የለበትም። ለ300 ግን ከ275 በላይ ክብ ይፈልጉ፤ ኒኮር ኤም 300 ለምሳሌ 325 ይጥላል፣ ክብደቱም 290 ግራም ብቻ ነው። በበረሃ ከምወዳቸው ሌንሶች አንዱ ነው።

«በ90 ሌንስ ላይ ፖላራይዘር ልጠቀም?» (ከዱባይ)

አይጠቀሙ። ፖላራይዘር ሰማዩን የሚያጠቁር ፊልተር ነው፤ ሰፊው ሌንስ ግን የሰማዩን ትልቅ ክፍል ስለሚይዝ፣ አንዱ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይወጣል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ከሆነ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ፊልተር ይሻላል። በአሸዋው ላይ ያለውን ጥላ የሚያበራው ሰማያዊው ሰማይ ነው፤ ብርቱካንማው ፊልተር ሰማያዊውን ሲቆርጠው ጥላው ይጠቁራል፣ ፀሐይ የነካው ጠርዝ ይነጣል፣ ሞገዱም ጎልቶ ይወጣል። ግን ሁለት ስቶፕ ይበላል፣ ማለትም ብርሃኑን ሁለት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በጠራራ ፀሐይ ኤፍ 22 ላይ 1/60 የነበረው 1/15 ይሆናል። ነፋስ ካለ ቢጫው ይበቃዎታል፤ እሱ የሚወስደው አንድ ስቶፕ ነው።

«ባለፈው ጉዞ ሌንስ ስቀይር አሸዋ ገባብኝ፤ አሁን ሻተሩ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ዘይት ልርጨው?» (ከሪያድ)

በምንም ምክንያት ዘይት አይርጩ። የሻተሩ ስስ ምላጮች የሚሠሩት ደረቅ ሆነው ነው፤ ዘይት ከነካቸው ተጣብቀው ይቀራሉ፣ አሸዋውንም እንደ ሊጥ ያቦካዋል። ለጠጋኝ ይስጡት፤ እስከዚያም አይተኩሱት።

ለሚቀጥለው ጊዜ ሌንስ የሚቀይሩት መኪና ውስጥ ይሁን፤ ካልሆነ ጀርባዎን ለነፋሱ ሰጥተው በጥቁሩ ጨርቅ ሥር። የሌንሱ መስታወት ላይ አሸዋ ካዩ በጎማ መንፊያ ይንፉት እንጂ በጨርቅ አይንኩት። የአብዛኛው በረሃ አሸዋ ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ከሌንስ መስታወት ይጠነክራል፣ ጠረጉ ማለት ቧጠጡ ማለት ነው። ፊልሙ የሚያዝባቸውን ሆልደሮችም እያንዳንዳቸውን በሚዘጋ ላስቲክ ከረጢት ያድርጉ። ፊልሙ ላይ ያረፈች አንዲት ብናኝ በህትመቱ ሰማይ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች፤ ያቺን ነጥብ መፋቅ ከነጩ ነጥብ በጣም ይከብዳል።

«ወንድሜ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያገለገለ 90 ሊያመጣልኝ ነው። ኤፍ 4.5 ወይስ ኤፍ 8? ምን ብሎ ይመርምረው?» (ከሐዋሳ)

ኤፍ 8። ከኒኮር ብናወዳድር ኤፍ 8ቱ 360 ግራም ነው፣ ኤፍ 4.5ቱ 600፤ የፊልተሩ ስፋት 67 እና 82። ኤፍ 4.5ቱ መስታወቱ ላይ ደመቅ ብሎ ስለሚታይ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል፤ በረሃ ላይ ብርሃን አይቸግርም።

ወንድምሽ የስልኩን መብራት ከሌንሱ ጀርባ ይዞ በፊት በኩል ይመልከት። እንደ ሸረሪት ድር የተሰራጨ ነገር ሻጋታ ነው፤ ይተወው። በሽናይደር ሌንሶች ጠርዝ ላይ የሚታዩ ነጫጭ ነጠብጣቦች ግን የውስጥ ቀለም መላላጥ ናቸው፤ ምስል አይጎዱም፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳሉ። ሻተሩን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ ደጋግሞ ይተኩሰው፤ መሃል ላይ ከቆመ ወይም ከተንቀራፈፈ መታጠብ ይፈልጋል። ፊልምም ይዞ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ አይክተት፤ በእጁ ይዞ ኤርፖርት ላይ በእጅ እንዲፈትሹለት ይጠይቅ። አዲሶቹ ሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ፊልም ያበላሻሉ።

«ከሚጽፔ ራሞን ከተማ አፋፍ ላይ ሆኜ የመክተሽ ራሞንን ሸለቆ ማዶ በ300 አነሳሁ። ትራይፖዱ ጠንካራ ነው፣ ፎከሱም ልክ ነበር፤ ምስሉ ግን ሟሟ። ልሽጠው?» (ከቤርሼባ)

አይሽጡት። በስንት ሰዓት እንዳነሱ አልጻፉልኝም፤ እኩለ ቀን ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያ ሸለቆ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱም እስከ 500 ሜትር ነው። ፀሐይ ወለሉን ስታግለው የሞቀው አየር እየተርገበገበ ይወጣል፤ እርስዎ ደግሞ ማዶውን የሚያዩት በዚያ ሁሉ አየር ውስጥ አሻግረው ነው። 90 ቢሆን አይታወቅም ነበር፤ 300 ግን ርግብግቡንም አብሮ ያቀርበዋል። በአጉሊ መነጽር መስታወቱን ለአንድ ደቂቃ ይዩት፤ የማዶው ገደል ጠርዝ እንደ ውኃ ከተንቀሳቀሰ ፊልም አያባክኑ።

ሌሊት ተነስተው ሳይነጋ አፋፉ ላይ ይቁሙ። ረጅሙ ወናፍ ነፋስ እንደ ሸራ ስለሚይዝ ጃንጥላ ይዘው በነፋሱ በኩል ይከልሉት። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት ለ300 ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየሩ መርገብገብ ሲጀምር 150ን አውጥተው አጠገብዎ ያለውን ድንጋይ ያንሱ።