ከሽንት ቤት መቀመጫ ጀርባ የሚያፈሰውን ጎማ ስለ መቀየር

ጤና ይስጥልኝ። ቡራዩ በሚገኘው የቆየ ቤትዎ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጀርባ ያለው የፍሳሽ ማገናኛ ጎማ በሲሊኮን ሁለት ጊዜ ቢታሸግም እንደገና ማፍሰሱን ገልጸው፣ ይጠገን ወይስ ይቀየር ብለው ጠይቀዋል። በእኔ አስተያየት ሊቀየር ይገባል፤ ያረጀ ጎማ ስለሚደርቅና ስለሚሰነጠቅ፣ ሲሊኮንም እርጥበትና ቆሻሻ ባለበት ገጽ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ፣ ሦስተኛው እሽግ ከሁለተኛው የተሻለ ዕድሜ አይኖረውም።

አስቀድመው ግን ጥፋቱ የጎማው መሆኑን ያረጋግጡ። ማገናኛውን በጨርቅ አድርቀው ውሃ ሳይለቁ ጥቂት ይጠብቁ፤ እንዲሁ ከረጠበ የሚያፈሰው የንጹህ ውሃ መስመሩ ሊሆን ይችላል፣ ሲለቁ ብቻ ከረጠበ ግን ጎማው ሳይሆን አይቀርም።

በአዳዲስ ቤቶች የተለመደው የፍሳሽ ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ቢሆንም፣ በቆዩት የብረት ቱቦ ሊያጋጥም ስለሚችል አዲሱ በልኩ እንዲሆን አሮጌውን ጎማ አጥበው ወደ ሱቅ ይዘውት ይሂዱ። መቀመጫው በሲሚንቶ የተያዘ ከሆነ በመዶሻ አይቸኩሉ፤ ሸክላው በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ያን ጊዜ ወጪው ሌላ ነው። ቱቦው ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ሽታው እንዳይወጣ አፉን በጨርቅ ይድፈኑት፤ ጨርቁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ግን በገመድ አስረው ያቆዩት። አግድም የሚሄድ ቱቦ ካለ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት ይኑረው። ለማጽዳት በረኪና ከተጠቀሙ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል። ውሃ በፈረቃ የሚደርስዎ ከሆነ ጀሪካኖችዎን አስቀድመው ይሙሉ፤ ሦስት አራት ባልዲ አፍስሰው መገጣጠሚያው ደረቅ መሆኑን ሳያዩ መቀመጫውን በሲሚንቶ አይዝጉት።