አስምና ፕላዚል፦ መጀመሪያ ቴዎፊሊኑን እዩት

ሰላም እህቴ፣ ለእናትሽ ምሕረቱን ይላክላቸው። ጥያቄሽን ላላነበቡ በአጭሩ፦ እናትሽ አስም አለባቸው፣ ሳልቡታሞል ፓፍና ቴዎፊሊን ክኒን ይወስዳሉ። ከአራት ቀን በፊት ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮ ተጀመረላቸው። ከትናንት ጀምሮ ሲያስመልሳቸው ፋርማሲ የማስታወክ ማስታገሻ የሆነውን ፕላዚል ሰጣችሁ፤ አስማቸውን ያባብስ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው።

ከፕላዚሉ በፊት የሚያስፈራኝ ቴዎፊሊንና ሲፕሮ አብረው መወሰዳቸው ነው። ሲፕሮ ጉበት ቴዎፊሊንን እንዳያስወግድ ያዘገየዋል። ስለዚህ እናትሽ የሚውጡት ክኒን ሳይጨምር በደማቸው ያለው መጠን ከፍ ይላል። ኤሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም እንዲሁ ያደርጋል። ቴዎፊሊን ደግሞ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ20 ማይክሮግራም ሲያልፍ መመረዝ ይሰጋል። ማቅለሽለሽና ማስታወክ ከተለመዱት ምልክቶቹ ናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል? ልባቸው በኃይል ይመታል? እንቅልፍ አጥተዋል? ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሲብስ የልብ ምት ይዛባል፣ ሰውነት ያንዘፈዝፋል፤ ይህ ደግሞ ሳያስመልስ በድንገት ሊመጣም ይችላል። ፕላዚል ማስታወኩን ቢያቆምም በደም ያለውን ቴዎፊሊን አይቀንስም፤ ምልክቱን ብቻ ይደብቅብናል።

ስለዚህ ቀጣዩን ቴዎፊሊን አትስጫቸው፤ የመድኃኒቶቹን ሁሉ ማሸጊያ ይዛችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ፓፉን እንደታዘዘላቸው ይቀጥሉ። ሲፕሮውን በሌላ መቀየር የሐኪሙ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ፕላዚል። አብዛኞቹ የአስም ሕመምተኞች ያለ ችግር ይወስዱታል፤ አልፎ አልፎ ግን በተለይ አስም ያለበትን ሰው ደረቱን ሊያፍነው ስለሚችል የመጀመሪያውን ክኒን ብቻቸውን ሆነው ባይወስዱ ይመረጣል። ለአዋቂ 10 ሚሊ ግራም በቀን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው፤ በመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት ይኑር፣ ከ5 ቀን አይለፍ። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ መጠኑ ይቀነሳል፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው አይሰጥም። አንገት መጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ መሰቀል፣ ምላስና መንጋጋ መያዝ ከታየ መድኃኒቱ ያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው። አንዳንዴ ጉሮሮን ስለሚይዝ አስም የተነሳ ይመስላል፤ ፓፍ ግን አይፈታውም። መፍቻው መርፌ ስለሆነ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።

ሌላውን የማስታወክ ማስታገሻ፣ ፕሮሜታዚንን፣ አስም ለተነሳበት ሰው አልመርጠውም። ያደነዝዛል፣ አክታን ያደርቃል፤ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃንማ ትንፋሽ ሊያቆም ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። በመርፌ የሚሰጠው አንዳንዱ ደግሞ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት የሚባል ማቆያ አለበት፤ ይህ በአንዳንድ የአስም ሕመምተኞች ላይ የአየር ቧንቧን ያጠባል። ከመወጋታቸው በፊት አስም እንዳለባቸው ተናገሩ።

ኦንዳንሴትሮን የሚባለው ሦስተኛው የማስታወክ ማስታገሻ የአየር ቧንቧን ባይነካም ልብን ይነካል። ማስታወክም ብዙ ሳልቡታሞልም ፖታሲየምን ያወርዳሉ፤ ፖታሲየም ሲወርድ ኦንዳንሴትሮን የልብ ምት የማዛባት ዕድሉ ይጨምራል። ሲፕሮና አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክም በዚሁ በኩል ስለሚጨምሩበት ሐኪሙ ፖታሲየማቸውን ለክቶ፣ የልብ ምርመራ አንስቶ ቢያዘው ይሻላል።

ውኃ ውስጥ የሚሟሙ የሆድ መድኃኒቶችንም ጽሑፋቸውን ሳታነቡ አትስጡ፤ አስፕሪን ያለባቸው አሉ፤ አስፕሪን አስማቸውን ለሚቀሰቅስባቸው ሰዎች ከባድ አደጋ ነው።

ለአስም የሚታዘዘውን የስቴሮይድ ክኒን፣ ፕሬድኒሶሎንን፣ የሚወስዱ ከሆነ ከምግብ ጋር ይዋጡት፤ በባዶ ሆድ ራሱ ያቅለሸልሻል። ክኒኑ በሆዳቸው አልቆይ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ሂዱ። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲቋረጥበት የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ እዚያ በመርፌ ይተኩላቸዋል።