የሌላ ሰው የሠራተኛ ሃንድቡክ አትቅጂ

እህቴ፣ «አንድ ካፌ ዲሲ፣ አንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ልከፍት ነው። ጓደኛዬ የቨርጂኒያ ሬስቶራንቱን የሠራተኛ ሃንድቡክ (የሥራ ደንብ መጽሐፍ) ሰጥቶኛል፣ ለሁለቱም ልጠቀምበት?» ብለሽ ጠይቀሻል። በጭራሽ! እኔ ተጠቅሜበት ነው የተቃጠልኩት።

1. የትኛው ሕግ እንደሚመለከትሽ የሚወስነው ሠራተኛሽ የሚሠራበት ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ስቴት ብቻ አይደለም፣ የራሱ ሕግ ያለው ሞንጎመሪ ካውንቲ (አውራጃ) ውስጥም ነው። የስቴቱ ሕግ የሕመም ፈቃድ በክፍያ ስጡ የሚለው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ነው። እኔ ዘጠኝ ስለነበሩኝ «አይመለከተኝም» ብዬ ተቀመጥኩ። የካውንቲው ሕግ ግን ከ2016 ጀምሮ አለ። አምስት ሠራተኛ ከሞላሽ ለየ30 ሰዓቱ ሥራ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ 56 ሰዓት በክፍያ ትሰጫለሽ።

2. «ሁለት ቀን የቀረ ይሰናበታል» የሚል መስመር ካለበት ሰርዢው። የእኔ ገጽ 4 ላይ ነበር። አንዷ አስተናጋጄ ልጇን አተኮሰውና ሁለት ቀን ቀረች። ገና ሳይነጋ ቴክስት አድርጋልኛለች፣ ደውላለችም። እኔ ግን ወረቀቱን አውጥቼ «ፈርመሻል» አልኳትና አሰናበትኳት። ከሰሰችኝ፣ እውነቷን ነው። ብዙም ሳይቆይ የሦስት ዓመት የሥራ ሰዓት መዝገብ አቅርቢ የሚል ደብዳቤ መጣ። እኔ ያለኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ነው፣ በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረ። ፔይሮል ወደሚሠራልኝ ቢሮ ብደውል ሰውዬው «እኛ ቼክ ነው የምናወጣው፣ ሃንድቡክሽን አናነብም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። በየወሩ እየከፈልኩት! እስካሁን ያንገበግበኛል። የልጅቷ ደሞዝ፣ የሕመም ሰዓቷ፣ የጠበቃው፣ ተደምሮ ከስድስት ሺህ ዶላር በላይ ወጣብኝ። ቤቷ ድረስ ሄጄም ይቅርታ ጠየቅኳት።

3. ዲሲ ደግሞ የሕመም ፈቃዱ ስሌት ሌላ ነው። ከ25 በታች ሠራተኛ ካለሽ ለየ87 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ 3 ቀን ነው። ቲፕ የሚቀበሉ የሬስቶራንት አስተናጋጆች ግን በ43 ሰዓት አንድ፣ እስከ 5 ቀን ያገኛሉ። እዚያው አንድ ቤት ውስጥ ወጥ ቤቷና አስተናጋጇ ይለያያሉ ማለት ነው። የቨርጂኒያው ወረቀት ይህን ከየት ያመጣዋል?

ደግሞ የሰዓት ክፍያውን በቁጥር አትጻፊ። ዲሲም ሞንጎመሪም ዝቅተኛው ክፍያ የሚከለሰው ጁላይ 1 ነው። «ስለ ደሞዝ እርስ በርስ ማውራት ክልክል ነው» የሚለውንም አውጪ፣ የፌዴራል ሕጉ ራሱ ሠራተኛው እንዲያወራ ይፈቅዳል።

አሁን ለየቤቱ የራሱ ሃንድቡክ አለኝ። በአማርኛና በስፓኒሽ አስተርጉሜዋለሁ፣ በየዓመቱ ጁን ላይ ቁጭ ብዬ መስመር በመስመር አነበዋለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ክስ አልመጣብኝም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንት ሰው ልትቀጥሪ እንዳሰብሽ ጻፊልኝ። ከአምስት በታች ከሆነ ከ56ቱ ሰዓት 32ቱ በክፍያ፣ 24ቱ ያለ ክፍያ ነው፣ እሱም ሃንድቡኩ ውስጥ መግባት አለበት።