ፊቱን ለመጨረሻ አቆዩት

ልጆቼ፣ የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ልትሠሩ ስትቀመጡ በፊቱ አትጀምሩ። የእንጨት ሥራ ሳስተምር ነው ያረጀሁት። አሁን ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር፣ በአንድ የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት የአሻንጉሊት ክፍል ውስጥ አግዛለሁ። አዲስ ተማሪ የወረቀት ጭቃው እጁ እንደገባ ዓይንና ከንፈር መሥራት ይጀምራል። አልፈርድበትም፤ ፊት ያጓጓል። ዘጌ ተሻግሮ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ያየ ልጅማ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ሳይሞክር አያድርም። ግን ፊቱ አምሮ ክርኑ ካልታጠፈ፣ የሠራችሁት የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ በሙሉ ቁመቱ ሣሉት፤ ከፊትም ከጎንም። የሰው ቁመት የጭንቅላቱን ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ 45 ሳንቲሜትር ለሚሆን አሻንጉሊት ጭንቅላቱ 6 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። መጋጠሚያዎቹን በክብ ምልክት አድርጉ።

ጭቃው ቀላል ነው። ጋዜጣ ቀዳዳችሁ ዘፍዝፉ፣ ቀቅሉ፣ ጨምቁ፣ ከዚያ በኮላና በጠመኔ ዱቄት እሹት። ችግሩ ሲደርቅ መኮማተሩ ነው። ከወፈረ ውጩ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፎም ቅረጹና ላዩን በስሱ ጭቃ አልብሱት። ሲደርቅ ለሁለት ቆርጣችሁ ፎሙን አውጡ፣ መልሳችሁ በኮላ አጣብቁት። ባዶው ውስጡ ክፍሎቹን ወጥሮ ለሚያያይዘው ላስቲክም መንገድ ይሆናል። በፎም ፋንታ የጣና ታንኳ በሚሠራበት በደንገል እንሥራው የሚሉ ልጆች አሉ። ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ግን ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳ ከሐይቁ ወጥቶ ዳር ላይ ቆሞ የሚደርቀው ለምን ይመስላችኋል? በፌስታል ካልጠቀለላችሁት እርጥቡ ጭቃ ያሳብጠዋል። በክረምት ደግሞ ሐይቅ ዳር ምንም ነገር ቶሎ አይደርቅም። ቢሆንም ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ሮጣችሁ አታስጡት። ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ እያገላበጣችሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። በጉልበትና በክርን ላይ የአንዱ ጫፍ ኳስ ይሆናል፣ የሌላው ጫፍ ጎድጎድ ብሎ ይቀበለዋል። እዚህ ላይ የልጆች ብይ ይጠቅማችኋል። ብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሉበትና ጎድጓዳውን እያዞራችሁ ሞርዱት። ብዩ ከኳሱ ትንሽ ይነስ፤ ወረቀቱም ውፍረት አለው። ከዚያ ኳሱን በእርሳስ አጥቁሩና ጎድጓዳው ውስጥ አሽከርክሩት። የጠቆረው ቦታ ከፍ ያለው ነው። እሱን ብቻ ሞርዱ። በእርጋታ የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚቸኩል ልጅ እዚህ ላይ ይታወቃል። ለቀለሙም ትንሽ ክፍተት ተዉለት። ኳሱን ደግሞ በሚታጠፍበት አቅጣጫ ሰንጥቁት። አለዚያ ላስቲኩ ይታነቅና እግሩ ታጥፎ ሳይጨርስ ይቆማል።

ባለፈው አንዲት ተማሪ፣ “እስክስታ የሚመታ አሻንጉሊት እፈልጋለሁ” አለች። ክፍሉ ሳቀ። ለእኔ ግን ክፍሉ ውስጥ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። የተለመደው አሻንጉሊት ክንዱ ይዞራል እንጂ ትከሻው ንቅንቅ አይልም። በእኛ በሰዎች ግን ክንዱ በቀጥታ ደረት ላይ አልተሰካም። የተሰካው ጀርባ ላይ ባለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ላይ ነው። ያ አጥንት በጡንቻ ተይዞ ይንሸራተታል። ከቀረው አጽም ጋር የሚያገናኘው አጥንት አንገት ሥር ያለው ቀጭኑ ብቻ ነው፤ እሱም የሚደርሰው ደረት መሐል ላይ ነው። አንድ እጃችሁን እዚያ ላይ አሳርፉና ትከሻችሁን ሰበቅ አድርጉ፣ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ በደረቱና በክንዱ መካከል ለብቻው የሚነሣ የትከሻ ቁራጭ ያስፈልጋታል፤ ቁራጩ የሚያዝበት መንጠቆም ደረት መሐል ይሁን አልኳት። ግራው ሠርቶላታል። ቀኙ እየተንሸራተተ አስቸግሯታል፤ እየታገለችው ነው። እናንተም ሠርግ ስትጠሩ ዓይናችሁ ወጡ ላይ ብቻ አይቅር። የሰው ትከሻና ወገብ ከየት እንደሚነሣ እዩ።

ላስቲኩን በተመለከተ፣ አንዱ ከክንድ ወደ ክንድ ደረቱን ያቋርጣል፤ ሌላው ከጭንቅላት ወርዶ ሁለቱን እግሮች ይይዛል። ክንዱን አንሡና ልቀቁት። ከወረደ ላልቷል፤ ተስፈንጥሮ ከተመለሰ ጠብቋል፤ ባለበት ከቆየ ልክ ነው። ልብስ የምታለብሱት ከዚህ በኋላ ነው፤ ወፍራም ጥጥ ክርኑን ስለሚያስረው ስስ ምረጡ።

ላስቲክ ያረጃል፤ አንድ ቀን መቀየሩ አይቀርም። ስለዚህ ጭንቅላቱን በኮላ አትድፈኑት፤ አናቱ ላይ የሚነሣ ክዳን ይኑረው። ላስቲኩን የሚይዘውን መንጠቆ ከወፍራም ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዙት፣ ጣት እንዲደርስበትም አድርጉ። ላስቲኩን ከስፌት ዕቃ ሱቅ ስትገዙ ክቡን ጠይቁ፤ ጠፍጣፋው ኳሱ ውስጥ እየተጠማዘዘ ያስቸግራችኋል።